በሞስኮ በኩል የመጣ እንግሊዝኛ

ሰርግ ያለ ሚዜ፣ ለቅሶ ያለ ድንኳን እንደማይሆን ሁሉ፣ አበሻ የተሰበሰበበት ቦታም ያለ አራሚ አይገኝም። አራሚ ማለት ያወሩትን ትቶ እንዴት እንዳወሩት የሚያዳምጥ ሰው ነው። ዳላስ አጠገብ ዩለስ ያለው አፓርታማችን አራሚ ክቡር ጋሼ ከፍያለው ናቸው፤ ቀን የኤርፖርት መኪና ማቆሚያ አውቶቡስ ሹፌር፣ ከሥራ መልስ የሰዋስው ዳኛ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ፤ ሲያስረዱት ደስ የሚል ነገር ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ምህንድስና ተምረዋል። ዳላስ ሲገቡ እንግሊዝኛ የሚያጠኑበት መጽሐፍ ፈልገው ለሩሲያኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ መልመጃ ገዙ። "የኔ ጭንቅላት ትምህርት የሚገባው በሩሲያኛ ነው" ይላሉ። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጋሼ ዘንድ የሚደርሰው በሞስኮ ትራንዚት አድርጎ ነው። ይዘገያል እንጂ ሻንጣው አይጠፋበትም።

ቀይ እስክሪብቷቸው ከሸሚዝ ኪሳቸው አትለይም። የአፓርታማው ማናጀር የልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ ክፍል በር ላይ ማስታወቂያ ስትለጥፍ አረሙት። አስተካክላ ስትለጥፍ እሱንም አረሙና ከሥሩ "መሻሻል ይታያል" ብለው ጻፉላት። የጎረቤታችን የነጃት ልጅ ልደት ላይ ደግሞ ኬኩ ላይ የተጻፈውን በሹካ ጫፍ ማረም ጀመሩ።

"ጋሼ፣ ኧረ ሊበላ ነው!" አለች ነጃት።

"ስህተት አይዋጥም!"

እኛ በየቅዳሜው "ኦቨርታይም አለብኝ" እያልን ቤታቸው ከሚሰጡት የእንግሊዝኛ ትምህርት ስንሸሽ፣ የጸናችላቸው ከዩክሬን የመጣችው ጎረቤታችን ጋሊና ብቻ ነበረች። የዜግነት ፈተና ጽሑፉ ላይ አንዴ ወድቃለች። ጋሼ በሩሲያኛ እያብራሩ በእንግሊዝኛ ያስጽፏታል፤ ስትሳሳት "ዬሽቾ ራዝ!" ይላሉ፤ "እንደገና!" ማለት ነው። ድምፃቸው ግድግዳ አልፎ እኔ ቤት ስለሚገባ፣ የታጠበ ሰሃን መልሼ ማጠብ ጀምሬ ነበር።

ጋሊና ፈተናውን አለፈች። ወዲያው ጓዟን ጠቅልላ ራቅ ያለችው ዴንተን ከተማ ልጇ ዘንድ ገባች። ነዳጅ እሳት በሆነበት በዚያ ዓመት ለመልመጃ ብሎ ከዴንተን የሚመላለስ የለም።

ግድግዳው ዝም አለ። ማናጀሯ በስህተት የታጨቀ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ጋሼ ልብሳቸውን ታቅፈው ቀና ብለው ሳያዩት አለፉ። ደነገጥኩ። ሰውየው ዓይኔ እያየ ሊያረጁ ነው!

የማውቃትን እንግሊዝኛ ሁሉ እንዳልነበረች አድርጌ አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ "ቢጫ ካልሲ ጠፍቶብኛል" የሚል። የቤት ቁጥሬን ጨምሬ በሩ ላይ ለጠፍኩት። ልብሴ ሳይደርቅ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ ወረቀቱ በእጃቸው ደም መስሏል።

"ይርጉ! አንተ ነህ ይህን የጻፍከው? ኮሌጅ የጨረስከው ልጅ?"

"ሶሪ... ማለቴ፣ ጋሼ፣ ቸኩዬ ነው።"

"የቸኮለ ሰው አንድ ቃል ይስታል። ይሄ ታቅዶ የተሠራ ነው!"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ዓይናቸው እግሬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ጠፋ ያልከው ካልሲ እግርህ ላይ ነው።"

እግሬን ከበሩ ጀርባ ሸሸግኩ።  እሳቸው ፊታቸውን ለማኮሳተር ቢታገሉም አልሆነላቸውም።

"ኦኬ" አሉ፣ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው እየመለሱ። "ቅዳሜ ጠዋት። እርሳስ ይዘህ ና።"

ዓርብ ዕለት አለቃዬ ቅዳሜ ኦቨርታይም እንድገባ ጠየቀኝ። ትምህርት አለብኝ አልኩት።