ቢራቢሮዎቹን ከአህያ እንዴት እንዳዳንኳቸው

በእህል በረንዳ ቢራቢሮን ከጥፋት ለመታደግ የተቋቋመው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ እኔ ጆንያ ሰፊው ዘመድኩን ነኝ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ መመካት ለክርስቲያን አይገባም። በኮሚቴው ግምገማ ላይ «ግለ ሂስህን በጽሑፍ አቅርብ» ስለተባልኩ ነው።

ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ያሟላሁት በሬዲዮ ነው፤ መርፌዬ ጆንያው ላይ፣ ጆሮዬ ሬዲዮው ላይ። ሰፈሩ ሁሉ «አድማጩ ዘመድኩን» ይለኛል። ዓምና መስከረም፣ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ምሁር የሜዳ ቢራቢሮዎች ቁጥር እየተመናመነ ስለሆነ መኖሪያቸው ይጠበቅ ሲሉ ሰማሁ። ከመጋዘናችን ጀርባ ባለችው ሣራማ ባዶ ቦታ፣ በየመስከረሙ ትንንሽ ሰማያዊ ቢራቢሮዎች ሲርመሰመሱ ሃያ ዓመት አይቻለሁ። እግዜር ለዚህ ሥራ እኔን መረጠ አልኩ። ከመቸኮሌ የተነሣ ምሁሩ ሳይጨርሱ ሬዲዮውን ዘጋሁት።

በሦስት ቀን ውስጥ ማኅተም ነበረን። የምስር ነጋዴው ሙናዊር ጸሐፊ ሆነ፤ ወዲያው ወደ ቆጠራ ገባን።

«ጋሼ ዘመድኩን፣ ይሄን እኮ ቅድም ቆጥረውታል።»

«ዞሮ ከመጣ ይቆጠራል። የስብሰባ ተሳታፊ የሚቆጠረው እንዴት መሰለህ?»

ሠላሳ አንድ ሆኑ። ቀጥሎ ጠላት መለየት ነበረብን፤ ያለ ጠላት ቃለ ጉባኤ አይሞላም። ጠላት ደግሞ ሩቅ አልነበረም። እትዬ በለጥሻቸው ጤፍ እያመላለሰች የምታስተዳድራቸው አንዲት አህያ አለቻቸው፤ ቀትር ላይ እዚያች ቦታ ትግጣለች። ጠርተን አህያዋ እንዳትገባ መወሰናችንን ነገርናቸው።

«ዘመድኩን፣ አህያዬ ሣሩን እንጂ ቢራቢሮውን መቼ በላች?»

«ጉዳዩ የመኖሪያ አካባቢ ጉዳይ ነው፣ እትዬ።»

«ድርቆሽ ገዝቼ አልችላትም። ደግሞ ልብ ብለህ እይ፤ የሚያርፉት እሷ በጋጠችበት ነው። ረጅሙን ሣር ስታነሣላት ከሥሩ ያለችው አጭሯ ተክል፣ ማገጧ፣ ፀሐይ ታገኛለች፤ እነሱም እዚያችው ማገጥ ላይ ይራባሉ።»

እኔ አድማጩ በትዕግሥት አዳመጥኩ። «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አልኳቸው። ሙናዊር ብዕሩን እንኳ አላነሳም።

ቦታውን በቆርቆሮ አጠርን። «ቢራቢሮ ስላለ መግባት ክልክል ነው» ብለን ለጠፍን። ክረምቱ ሲገባ ሣሩ ጉልበት አለፈ፤ ከዚያም ወገብ ደረሰ። ባየሁት ቁጥር አማተብኩ። በዓመቱ መስከረም ላይ አዲስ ደብተር ይዘን ገባን።

«ስንት ልጻፍ?» አለ ሙናዊር።

«ታገስ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገስን። ዝንብ እንኳ ዝር አላለም።

«ጋሼ፣ ዜሮ ልበል ወይስ በዝግጅት ላይ ናቸው ልበል?»

«በዝግጅት ላይ በል።»

ቅዳሜ የምሁሩ የዓምና ንግግር በሬዲዮ ተደገመ። ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ሜዳው በመጠኑ ካልተጋጠ ረጅሙ ሣር ቢራቢሮዎቹ የሚራቡባትን አጭር ተክል ይውጣታል፤ እንስሳቱን ማባረር ትልቅ ስህተት ነው አሉ። ከእትዬ በለጥሻቸው ንግግር የሚለየው አንድ የላቲን ስም ስላለበት ብቻ ነው።

ሮጥኩ። እትዬ በለጥሻቸው በቀን ሂሳብ የሰው ምስር ሲለቅሙ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ አህያዋ ትመለስ። ኮሚቴው ፈቅዷል!»

«ሐምሌ ላይ ሸጥኳት» አሉ፣ ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ። «ገዢው ወደ ወሊሶ ነዳት።»

በግምገማው ላይ ራሴን ለመከላከል አፌን ስከፍት ሙናዊር ውሳኔውን አነበበ፦ «የአህያዋን የሥራ ድርሻ ሊቀመንበሩ እንዲረከቡ፤ እትዬ በለጥሻቸው ከሊቀመንበሩ ኪስ እየተከፈላቸው በቴክኒክ አማካሪነት እንዲመደቡ።» በሙሉ ድምፅ አለፈ። እኔም እጄን አወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ከቀትር በኋላ ማጭድ ይዤ እንበረከካለሁ። አማካሪዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርሙኛል።

«ዝቅ አድርገው እንጂ! እሷ እንዲህ አታንጨባርረውም ነበር።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ትናንት አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ መጣች። ሙናዊር ደብተሩን መዠረጠ። እኔ ማጭዴን አስቀመጥኩ። ያጨድኩትን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ በቆርቆሮው ላይ ወደ ውጭ በረረች።

«አትቀየማት» አሉ እትዬ በለጥሻቸው። «ባለሙያዋን ፈልጋ ነው።»

ሙናዊር ማንም ሳያዝዘው ብዕሩን አነሳና አስተያየታቸውን መዘገበ።