የማይመጣ ፉጨት

ሰማይ ሲያጉረመርም የተሰጣ ልብሱን ትቶ ሰማዩን ለጎረቤት ሊያስረዳ የሚሮጥ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አሰላ ውስጥ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጎረቤት የመሆን ዕጣ የወጣው ለልብስ ሰፊዋ ለሙቢና ነው። ክፍሏን የተከራየችው ከጡረተኛው የፊዚክስ መምህር፣ ከክቡር የሰማይ ጉዳይ ኃላፊ ከጋሽ የኋላሸት ነው። የመብራት ቆጣሪያቸው አንድ ነው፤ ንዴቷም የሚጀምረው ከዚያ ቆጣሪ ነው።

ጊዜው ነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ስልሳ ዩኒፎርም ገና አልተሰፋም። ጭላሎ ተራራ ላይ ደመና ጠቆር ካለ ግን ጋሽ የኋላሸት የቆጣሪውን ባልቦላ ያወርዱታል። የስፌት መኪናዋ ሞተር ሬዲዮናቸውን ይረብሻላ! ከጣሪያው እስከ ባሕር ዛፉ ሽቦ ዘርግተው፣ የባትሪ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ይቀመጣሉ።

"ልብ በይ ሙቢና! መብረቅ ወደ ታች ብቻ የሚሄድ ይመስልሻል። ሞገዱ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከደመና በላይ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ነቅነቅ አድርጎ፣ መስመሩን ይዞ ሌላ አገር ይወርዳል። ሬዲዮ ላይ እያፏጨ!"

"ጋሼ፣ የእኔ ደንበኛ ደግሞ እየጮኸ ነው የሚመጣው!"

"ልብ በይ..." ይቀጥላሉ።

ከበቆጂ ሱፍ ሊለካ የመጣ ነጋዴ ስለ መግነጢስ ተምሮ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት እንኳ ነጎድጓድ ከተሰማ ሟቹ ተረስቶ ትምህርት ይጀመራል።

አንድ ማክሰኞ አንገትጌ እየሰፋች መብራቱ ድርግም ሲልባት፣ ሙቢና መቀሷን እንደያዘች ገባችባቸው።

"እስከ ዛሬ ስንቴ አፏጨ? ይንገሩኝ!"

ማዳመጫውን አወለቁ። "አንድም ጊዜ።"

"በአሥራ አንድ ክረምት?"

"እኛ ጋ የመግነጢሱ መስመር ተጋድሞ ነው የሚያልፈው። ፉጨቱ እዚህ አይወርድም ይላል መጽሐፉ።" ድምፃቸው ዝቅ አለ። "መጽሐፉ ተሳስቶ ቢሆንስ ብዬ ነው።"

የሙቢና ደም ፈላ። "ለማይመጣ ፉጨት የእኔ እንጀራ ይቁም? ወላሂ ሽቦውን እቆርጠዋለሁ!" አለችና መቀሷን ወደ ሬዲዮው በሚገባው ሽቦ ላይ አሳረፈች።

ጋሽ የኋላሸት፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል፣ አልተከራከሩም። ጓዳ ገብተው የሟች ባለቤታቸውን የዘመናይን የእግር ስፌት መኪና እየጎተቱ አወጡ። ያንን መኪና ሰው ሲነካው አይወዱም ነበር። አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉና "ይሄ ሬዲዮኑን አይረብሽም" አሉ፣ እሷን ሳያዩ።

ንዴቷ አልበረደላትም። ስልሳውን ዩኒፎርም በእግሯ እየረገጠች፣ እሳቸውንም መብረቁንም እየተራገመች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው ጨረሰች።

መስከረም ከጠባ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ጉደታ የሚባል ደንበኛዋ ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ጮክ ብሎ ሲያወራ ሰማዩ አጉረመረመ። ሙቢና ብድግ ብላ ባልቦላውን ራሷ አወረደችና አፈጠጠችበት።

"ዝም በል! ጋሼ እያዳመጡ ነው።"

"ምን ይሰማሉ?"

"ምንም!" ብላ ጮኸችበት። "ግን ዝም በል!"