ኖር ያላልኩበት ቀን

ሽማግሌ ሲመጡ ቁጭ ብዬ ቀርቻለሁ። ያውም ጋሽ ተሰማ፣ የእድራችን ዳኛ! የራሴ መቀመጥስ ባልከፋ፤ ሌላ ሰውም ጎትቼ ላስቀምጥ ነበር። ቆይ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ስሙኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ አጭር ናቸው። ልጃቸው ደረጀ የቀራንዮ ቡድናችን አጥቂ ነው። ስንቱን ጎል ሲያገባ እሳቸው አንዱንም አላዩም። ሜዳው ዳር ቆመው የሚያዩት የሰው ጀርባ ብቻ! «ጎል መግባቱን የማውቀው በጩኸቱ ነው» ይላሉ። አንጀቴን በሉት።

እኔ ደግሞ ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው። ሰፈሩ ተባብሮ ሜዳው ዳር የሲሚንቶ መቀመጫ ሊሠራ ሲነሳ፣ «እኔ እነድፈዋለሁ!» ብዬ ዘለልኩ። እትዬ ጽጌንም «ዘንድሮ ጎሉን በዓይንዎ ያያሉ» አልኳቸው።

ጂኦሜትሪ እንዴት ደስ እንደሚል ብታውቁ! ከተቀመጠ ሰው ዓይን እስከ ሜዳው ጠርዝ ክር ወጥሩ። ክሩ ከፊት ያለውን ሰው አናት ሳይነካ ማለፍ አለበት። ደረጃው ሁሉ እኩል ከሆነ ኋላ ያለው ይጋረዳል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ከበፊቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያለ ይሄዳል። ግንበኛውማ «እህቴ፣ ደረጃው እኩል ካልሆነ ሰው ይስቅብኛል» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። ይሳቅ አልኩት!

የጨዋታው ዕለት ከእትዬ ጽጌ ጎን ተቀመጥኩ። ሜዳው እንደ ትሪ ተዘርግቶ ይታያል። «ውይ! የልጄ ታኬታ ሳይቀር ይታየኛል!» አሉ። ደስታዬን የት ላድርገው?

ደረጀ ኳስ ይዞ ወደ ጎል ገሰገሰ። ይሄኔ ጋሽ ተሰማ በዚያው ጎል አጠገብ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አይሉም! ሕዝቡ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ብድግ።

ክሬ ተበጠሰ! እኔ የለካሁት የተቀመጠ ሰው ነዋ። «ተቀመጡ! እዚህ ኖር የለም!» ብዬ ጮህኩ። እትዬ ጽጌንም ቀሚሳቸውን ይዤ ወደ ታች ጎተትኩ።

«ልቀቂኝ እቴ! ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ?» ብለው አመለጡኝ።

ጎል!

ለካ ሰው ሁሉ አብሮ ሲነሳ ዓይንም አናትም አብሮ ከፍ ይላል፤ ክሩም እስከ ጎሉ ሳይበጠስ ይደርሳል። እትዬ ጽጌ ቆመው የልጃቸውን ጎል አዩ። ከዚያ ሁሉ ሰው ያላየሁት እኔ፣ ቁጭ ያልኩት ነዳፊ! እኔ ያየሁት ከፊቴ የቆመ ሰውዬ ጃኬት ነው። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ታውቁታላችሁ።

ጋሽ ተሰማ እግር ላይ ልወድቅ ስል «በእግዜር፣ አትነሺ ልጄ» ብለው ሳቁብኝ። እትዬ ጽጌ ግን ስጎትት የተተረተረውን ቀሚሳቸውን እስከ ዛሬ ያሳዩኛል። እናንተም ይቅር በሉኝ።