ፊታውራሪ ያርጋልና የሊማሊሞው እፉኝት

በእኛ አገር ሦስት ሰዎች አብረው መንገድ ከወጡ አንዱ የእባብ ሊቅ መሆኑ አይቀርም። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አይታወቅም፤ ትምህርቱን ግን ሳይጠየቅ ይሰጣል። ከሊማሊሞ ግርጌ ባለችው መንደር ይህን ወንበር የያዙት አያ ያርጋል ናቸው። ሰው «ፊታውራሪ» ይላቸዋል፤ ጦር መርተው ሳይሆን፣ ከደባርቅ ገበያ ሲመለሱ ማንንም ስለማያስቀድሙ ነው።

«ከኋላዬ! ዱካዬን ብቻ እየረገጣችሁ!» ይላሉ፣ በዱላቸው ሣሩን እየደበደቡ።

ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል። እባብ ቀትር ላይ ይቆጣል። ነጭ ሽንኩርት ከሸተተው ቀዬውን ይለቃል። ስሙን ከጠሩት ይሰማል። እሳቸው የገደሉት ደግሞ በአምናው ቆጠራ አርባ ሁለት ነበር፤ ዘንድሮ ስድሳ ገብቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አያ ያርጋል ግን መደንበር አያውቁም፣ ይቀጠቅጣሉ። የጭነት ገመድ ቀጥቅጠዋል፣ የወደቀ ቀበቶ ቀጥቅጠዋል፤ አንድ ጊዜም ለማረፍ ቁጭ ያሉትን የእማሆይ ወለተ ጊዮርጊስን መቀነት ቀጥቅጠዋል። መቀነቱ እወገባቸው ላይ ነበር። እማሆይም እስከ ዛሬ በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት።

ይህ ሁሉ ከሰለቻቸው አንዷ ጎረቤታቸው እስከዳር ናት። እስከዳር ውሸት አይዋጥላትም። መንደርተኛው በነገር ሲከራከር እንኳ «እስከዳር ምን አለች?» ብሎ ነው የሚለያየው።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ፣ ሲያተኩሰው ያደረ የስምንት ወር ልጇን አሳክማ ከደባርቅ ትመለሳለች። ልጁ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። በበየዳ በኩል ደመናው ከብዷል፤ ከፊቷ የሚሄዱት ፊታውራሪው ግን በየድንጋዩ እየቆሙ ያስተምራሉ።

«አያ፣ ዛሬስ ያሳልፉኝ፤ ልጄን ዝናብ እንዳይመታብኝ።»

«ኧረ ተይ! ከኋላዬ ብያለሁ!»

ትታቸው አለፈች።

ሃያ እርምጃ አልሄደችም። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ፣ የጧት ፀሐይ ባሞቀው አፈር፣ ወፍራም እፉኝት ተጠቅልሎ ተኝቷል። ያየችው እግሯን ካነሳች በኋላ ነው። እፉኝቱ ተነፋና እንደ ወናፍ ተነፈሰ። እስከዳር ደርቃ ቀረች። ወደ ኋላ ብትወድቅ ልጁ ከታች ነው፤ እግሯን ብታሳርፍ እፉኝቱ ላይ ነው።

«እንዳትንቀሳቀሽ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

ዝግ ያለና አጭር ስለነበር የአያ ያርጋል መሆኑን ተጠራጥራለች። አዛውንቱ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እፉኝቱ ላይ ጣሉበት፤ ወዲያው እሷን ከነልጇ አቅፈው ወደ ኋላ ሳቧት። እፉኝቱ ጋቢውን ሁለቴ ነደፈና ቁልቁል ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ዱላቸውን አላነሱበትም።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እስከዳር ልጄ፣ አንድም ገድዬ አላውቅ» አሉ። «እባብ ስፈራ ነው የኖርሁ።»

«ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ፊት ፊት ይሄዳሉ?»

«የፈራ ሰው ነዋ ቀድሞ የሚያይ!»

እስከዳር ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። ስንት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስታማቸው እንደኖረች አሰበችና አፈረች። የተነደፈውን ጋቢ በዱላ አንስታ አራገፈችላቸው፤ ዝናቡም እዚያው መንገድ ላይ ያዛቸው።

በሳምንቱ አያ ያርጋል ገበያው መሃል፣ እህል ተራ ቆመው ይተርካሉ። በትረካው እፉኝቱ የሰው ጭን ያህል ወፍሯል፤ እሳቸውም በአንድ ምት አናቱን ብለውታል። ሙሌ የሚባለው በቅሎ ነጂ አላምን ብሎ እህል ልትሸምት ወደ ቆመችው እስከዳር ዞረ።

«እስከዳር፣ እውነት በዱላ ገደሉት?»

አያ ያርጋል መሬት መሬት ያያሉ።

እስከዳር ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች።

«ጨዋ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ነገሯችሁ እንጂ» አለች፣ «ሁለት ነበሩ።»