እትዬ ንቀሉ እና የሰማዩ ቆጠራ

ሰማይ የማይጠቁርበት አገር የለም። የጠቆረውን ሰማይ እንደ ግል ጉዳዩ የሚይዝ ሰውም በየግቢው አንድ አይጠፋም። ይህ ሰው ገና ደመና ሲሰባሰብ ፊቱ ይለዋወጣል፣ የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል፣ ከዚያ የሰው በር መደብደብ ይጀምራል። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ሊሽረውም አይችልም።

አንዲት ልብስ አጣቢ በምትኖርበት ግቢ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ንቀሉ ናቸው። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ሌላ ነበር። ግን ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር "ሶኬት ንቀሉ!" እያሉ ግቢውን ሲዞሩ ስማቸው ተረሳና ትእዛዛቸው ስም ሆኖ ቀረ። በፊታቸው "እትዬ" ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ "እትዬ ንቀሉ"።

በወጣትነታቸው ስልከኛ ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ነው የኖሩት። አንድ ቀን መብረቅ በሽቦው መጥቶ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ባልደረባቸውን ከነወንበሯ ገለበጣት። ልጅቷ ተረፈች፤ እትዬ ግን ከዚያ ወዲህ ከሰማይ ጋር እንደተኳረፉ አሉ።

ሕጋቸው ብዙ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ብልጭ ሲል ደረጃው ሥር ቆመው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። ሠላሳ ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ቅርብ ነውና ሁሉም ቤቱ ይገባል። ዛፍ ሥር መቆም የለም፤ የብረት በር መደገፍ የለም፤ ቧንቧ መክፈት የለም። ሰማዩ ዝም ካለ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱን ብቅ የሚያደርግ ወዮለት።

የግቢው ፀጉር አስተካካይ ይህን ሕግ የተማረው በደንበኛው ራስ ላይ ነው። የሰውየውን ግማሽ ራስ ላጭቶ ወደ ግማሹ ሊሻገር ሲል እትዬ ገብተው የመላጫውን ገመድ ከግድግዳው መዘዙት።

"እትዬ! ሰውየው እኮ ለሥራ ሊፈተን እየሄደ ነው!"

"በግማሽ ፀጉር የተቀጠረ ይኖር ይሆናል" አሉ እትዬ፣ "ሞቶ የተቀጠረ ግን አላየሁም።"

ሰውየው ዝናቡ እስኪያባራ መስታወት ውስጥ ከሁለት ሰው ጋር፣ ከተላጨውና ካልተላጨው፣ ተፋጥጦ ተቀመጠ።

ፎቅ ላይ የሚኖረው አስተማሪም አልቀረለትም። ገላውን እየታጠበ ሳለ በሩን እንደ ከበሮ ደለቁበት።

"ከውኃው ውጣ!"

"እትዬ፣ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገብቷል!"

"ዓይንህ ይቃጠል! አንተ አትቃጠል!"

ልብስ አጣቢዋ ግን አትሟገትም። በልጅነቷ ትምህርቷን ትታ እጇን ሳሙና ውስጥ ከነከረች ወዲህ ከሰውም ከሰማይም ጋር መሟገት ትርፉ ድካም መሆኑን ተረድታለች። እትዬ "ካውያ ንቀይ!" ሲሉ ትነቅላለች። "ግቢ!" ሲሉ ትገባለች። ጣሪያው ላይ በሽቦ የተሰጣው ልብስ እንደገና ሲበሰብስ በመስኮት እያየች በረጅሙ ትተነፍሳለች፤ ከመስኮቱም ራቅ ብላ፣ ያውም በትእዛዝ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ያ ከሰዓት በኋላ የመጣው። የምታጥብለት የአንድ እንግዳ ማረፊያ አንሶላ በሙሉ ጣሪያ ላይ ተሰጥቷል፤ ለማታ ይፈለጋል። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ፤ ብልጭ አለ። እትዬ ደረጃው ሥር ቆመው መቁጠር ጀመሩ። ቆጠራው አሥር ሳይሞላ አንድ ነገር ከሩቅ ጎርነን ብሎ አጉረመረመ። ልብስ አጣቢዋ ትእዛዙን ጠበቀች። እትዬ ግን መቁጠራቸውን ቀጠሉ፤ ሠላሳን አልፈው አርባ ገቡ።

"ሩቅ ነው" አሉ። "ሂጂ፣ አንሶላሽን አንሺ።"

ልብስ አጣቢዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ያጉረመረመው የጭነት መኪና ይሆናል ብላ፣ ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። የመጀመሪያውን አንሶላ ከሽቦው ላይ ልትስብ እጇን ስትዘረጋ የክንዷ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። እጇን ሰበሰበች። ወዲያው ዓለሙ ነጭ ሆነ፤ ሰማዩም እላይዋ ላይ የተሰነጠቀ መሰላት። ዝናቡም ወረደ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም።

እትዬ እዚያው ቆመዋል። ፊታቸው የረጋ ነው።

"... ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ..."

ሰዎች ጆሯቸውን ይዘው በሚጮሁበት ሰዓት እትዬ ገና ነጎድጓዱን እየጠበቁ ነበር።

ልብስ አጣቢዋ ያን ጊዜ ገባት። ለካ በቀደም "ሳሙና ይስጡኝ" ስትላቸው ጨው ያመጡት በመርሳት፣ በር ሲንኳኳ ዝም የሚሉትም በኩራት አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእትዬ ጆሮ ደግሞ ቀስ በቀስ ሲከዳ ከርሞ ከነጭራሹ ጥሏቸው ሄዷል።

ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ ጮኸ። "እትዬ ዛሬ ምን ነክቷቸው ነው? እኛን በመላጫ ገመድ ሲያሳድዱ ኖረው ሰው ጣሪያ ላይ ይልካሉ?"

ልብስ አጣቢዋ አንዴ ወደ እሱ፣ አንዴ ወደ እትዬ አየች። ብትናገር ከነገ ጀምሮ ማንም አይሰማቸውም፤ እትዬም ያለ ደመናቸው ምን ቀራቸው? ዝም ብትል ደግሞ ያ ቆጠራ አንድ ቀን ሰው ይበላል።

"እሳቸው ምን አደረጉ!" አለች። "እኔ ነኝ ሰርቄ የወጣሁት!"

ሄዳ አጠገባቸው ቆመች፤ እጃቸውን ያዘች። እንደገና ብልጭ አለ። እትዬ "አንድ፣ ሁለት" ብለው ሦስት ሳይሉ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ እሷም እጃቸውን ጥብቅ አደረገች። እትዬ ዘወር ብለው አዩዋት። እርጥብ ፀጉሯን አዩ፣ አንሶላ አለመያዟን አዩ። ወደ ምን እንደላኳት ገባቸው። ዓይናቸው ሞላ፤ ድምፃቸው ግን አልከዳቸውም።

"ቅርብ ነው! ግቡ! ሁላችሁም ንቀሉ!"

ግቢው ሁሉ ነቀለ።

ማባራቱን ስትነግራቸው፣ ክፍላቸው ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ "ልገድልሽ ነበር" አሏት።

ጠጋ ብላ ጆሯቸው ሥር ጮኸች። "አልሞትኩም እኮ፣ እትዬ። አንሶላው ነው የሞተው።"

"ለሰው እንዳትነግሪብኝ።"

"ማን ይሰማኛል ብለው ነው?"

እንግዶቹ ያን ማታ በምን ላይ እንደተኙ አምላክ ይወቀው። አንሶላው በማግስቱ ሁለተኛ ታጠበ።

አሁን ደመና ሲሰባሰብ ልብስ አጣቢዋ ከማጠቢያው ትነሳለች፣ እጇን በቀሚሷ ታብሳለች፣ ደረጃው ሥር ሄዳ ትቆማለች። ፀጉር አስተካካዩ "ይቺም ለየላት፤ ምክትል ሆነች" ይላል፤ ይበል። እትዬ ይቆጥራሉ። ነጎድጓዱ ሲመጣ እጃቸውን አንድ ጊዜ ጠበቅ ታደርጋለች፤ ትእዛዙም በጊዜው ይወጣል።

ነጎድጓዱ ሲርቅ ጠበቅ አታደርግም። እጃቸውን ግን አትለቅም።