ሲስተሙ ውሃ አለ ይላል

ከተማችን ጎንደር ወደ ዲጂታሉ ዘመን የገባችበትን ቀን በክብር ላስታውሳችሁ። በ2010 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ቅሬታ የሚሰማ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ አስገባ። ኃላፊው አቶ ፊልጶስ ሪባን ቆርጠው «ከእንግዲህ ሕዝባችን ሰሚ አጥቶ አይጉላላም። ሰው ይደክመዋል፣ ማሽን አይደክመውም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ይቺን እንደተናገሩ ደክሟቸው ሻይ ሊጠጡ ወጡ።

እኛ የፀዳ ሰፈር ነዋሪዎች ነን። ውሃ ከጠፋ ወር አልፎታል። አክስቴ ዐዚዛ ቁርስ ቤቷን የምታንቀሳቅሰው በጀሪካን እያስቀዳች ስለሆነ ልትዘጋው ምንም አልቀራት። ይዣት ሄድኩ። ማሽኑ ቲቪ የሚያክል ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ ሴት ልጅ ድምፅ ያወራል።

«እንደምን አደሩ? ደህና ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ልጄ? ቤተሰቡ ሁሉ ሸጋ ነው?»

«ሁሉም ደህና በመሆኑ ደስ ብሎናል። ቅሬታዎ ተፈትቷል። ቀጣይ ባለጉዳይ።»

ሦስቴ ሞከረች። ሰላምታ ዘላ ወደ ጉዳይ መግባት አታውቅበትማ። ከኋላችን የነበሩ፣ ከኮሶዬ ገጠር የመጡ አንድ አያ ደግሞ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የልጅ ልጁን ሁሉ ጠየቁትና «እጅግ በጣም ረክተዋል» ተባሉ። የመጡት መሬታቸውን ተነጥቀው ነው።

እርካታው መቶ ፐርሰንት ገባ። መሥሪያ ቤቱ ዋንጫ ተሸለመ።

«አክስቴ፣ ዛሬ ሰላም እንዳትይው» አልኳት፣ በሌላ ቀን ተመልሰን ስንሄድ።

«ምነው፣ እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ?»

«ውሃው ይምጣ አይምጣ?»

ማሽኑ «ደህና ነዎት?» አላት። ዝም። ደገመ። ዝም። ቀይ መብራት ሲበራ አቶ ፊልጶስ እየሮጡ ወጡ። የመቶ ፐርሰንቱ ነገር ነዋ።

«እትዬ ዐዚዛ፣ እንዴት ዋሉ?»

ዝም።

«ተጣላን እንዴ?»

ዝም።

መቼም ፈጣን ምላሽ የሚባል ነገር አለ። በማግስቱ ቤታችን ከች አሉ። የቧንቧ ሠራተኛ ይዘው እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ይዘው ነው፣ ሊታረቁ። ዳገቱን በእግር ስለወጡ ጉሮሯቸው ደርቋል።

«እስቲ ውሃ» አሉ አቶ ፊልጶስ።

«ቧንቧው ያውልህ» አለች አክስቴ፣ ጀሪካኑን በቀሚሷ ከልላ።

ከፈቱት። ፊሽሽ አለ፣ አየር ብቻ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ኡዘይር፣ «ኧረ ልጄ፣ ይኸ እኮ ውሃ የለውም» አሉ።

አቶ ፊልጶስ ስልካቸውን አወጡና ሲስተሙን አዩ። ቧንቧውን አዩ። ደግሞ ስልኩን። አሁን ገባቸው ብዬ አክስቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት።

«ሲስተሙ ውሃ አለ ይላል» አሉ። «ክፍተቱ ያለው ቧንቧው ላይ ነው።»

ሰኞ ባለሙያዎች መጥተው ቧንቧችንን ገመገሙት። የአመለካከት ችግር ተገኘበትና ስልጠና ታዘዘለት። አክስቴ ቁርስ ቤቷን በዘጋች ዕለት ስልጠናው ባሕር ዳር ተጀመረ። ቧንቧው ተነቅሎ መሄድ ስለማይችል አቶ ፊልጶስ ወክለውት ሄደዋል፤ አበሉንም እሳቸው ይቀበሉለታል።