«በራሱ» ብዬ የጻፍሁበት ማዞሪያ

እኛ አገር መብራት አይጠፋም፤ ይሄዳል። ደግሞም ይመጣል፤ ልክ እንደ ዘመድ። መቼ እንደሚሄድ አይነግራችሁም፣ ሲመጣም በር አያንኳኳም። «መጣ!» ብላችሁ ሻማችሁን እፍ ስትሉ ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ጠባዩን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ዕቃ አለ፦ መብራትንና ጀነሬተርን የሚያቀያይር አውቶማቲክ ማዞሪያ። መብራት ሲሄድ ወዲያው አይደነግጥም፤ ጥቂት ሰከንድ ይታገሣል። እውነትም ከሄደ ጀነሬተሩን ይቀሰቅሳል፣ እስኪረጋጋ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ሥራውን ያሸክመዋል። መብራት ሲመለስም ቶሎ አያምነውም፤ ደቂቃዎች ቆጥሮ ነው የሚቀበለው። ሁለቱን ኃይል ግን በአንድ ጊዜ አያገናኝም፤ መዘዙን ያውቃላ። ከብዙ ሰው ይሻላል። ከእኔ እንኳ መሻሉን አሁን አልጠራጠርም።

ሥራዬ ይህን ዕቃ መግጠም ነው። ያጠበቅሁትን ብሎን ተመልሼ የማጠብቅ፣ በር ቆልፌ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ደብረ ማርቆስ ዳር፣ ወይዘሮ ትብለጥ ለሚባሉ ጫጩት አስፈልፋይ አንዱን ገጠምሁ። ማዞሪያው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ሰው ጀነሬተሩን ያስነሣዋል፣ ወይ ማሽኑ ራሱ። ጽሑፉ ፈረንጅኛ ስለሆነ፣ ጠንቃቃ ነኝና፣ በአማርኛ ጽፌ ለጠፍሁበት፤ አንዱን «በእጅ»፣ ሌላውን «በራሱ»።

የግቢው ጥበቃ አያ ደምለው በወጣትነታቸው ቅኔ የቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት።

«ልጄ፣ ይህ "በራሱ" ያልኸው ማንን ነው? ባለቤቱ የጠፋ ቃል ነው።»

«ቅኔ አይደለም እኮ አያ፤ ማብሪያ ነው!»

«ተው እንጂ፣ ቃልማ ቃል ነው» አሉና ሳቁ። እኔም ስቄ፣ ጥያቄያቸውን ሳልመልስ ወደ ብሎኖቼ ዞርሁ።

አንድ እሑድ ጠዋት አያ ደምለው ቅዳሴ ሊሄዱ ሲሉ ማዞሪያውን «በእጅ» ላይ አደረጉት። መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ሰው ይጠብቃል፤ ሰው የለም። የመፈልፈያው ማራገቢያ ቆመ። ሊወጡ ሁለት ቀን የቀራቸው ጫጩቶች በየቅርፊታቸው ታፍነው አለቁ።

ወይዘሮ ትብለጥ አስጠሩኝ። አያ ደምለው ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል።

«እኔማ "በራሱ" ሲል ጥበቃው ራሱ ያስነሣዋል ማለት መሰለኝ። "በእጅ" ሲል ደግሞ ማሽኑ በእጁ ይዞ ይጠብቅልኛል ብዬ…»

«ቅኔ ቆጥሬያለሁ ይላሉ፣ "በእጅ" ማለት ጠፋዎት?» አሏቸው ወይዘሮ ትብለጥ።

አያ ደምለው ወደ እኔ አዩ። እኔ ሽቦ አየሁ። እያንዳንዱን በቴስተር ነክቼ «ማሽኑ ደኅና ነው» አልሁ። ሐሰት ነው? አይደለም፤ ማሽኑ ደኅና ነበር። ስለ ጽሑፉ የጠየቀኝ የለም፤ ያልተጠየቀ ደግሞ አልዋሸም፣ አይደል? እናንተው ፍረዱ። በሳምንቱ አያ ደምለው ከሥራ ተሰናብተው ወደ አገራቸው ወደ መርጡለ ማርያም ሄዱ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ለመሄድ ወራት ፈጀብኝ። የምናገረውን በወረቀት ጽፌ፣ አውቶቡስ ውስጥ ሦስት ጊዜ አረምሁት። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አፌን ሳልከፍት ብድግ ብለው እጄን ጨበጡ።

«እሰይ፣ እግዜር አመጣልኝ! ልጄ፣ ይቅር በለኝ። ያን የመሰለ ሥራህን አበላሸሁብህ፤ ስምህን አጠፋሁት ብዬ እንቅልፍ የለኝም።»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። እሳቸው እጄን እንደያዙ መልሴን ይጠብቃሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኋቸው።

ደስ ብሏቸው መረቁኝ።